የወንዝ ወለል የማን ነው?
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስለ ወሰንና ስለ ቅየሳ አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በሙያችን እንደ ተራ ነገር ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ መረጥሁ። ይኸውም ወንዝ የሚሄድበት መሬት፣ ማለት ውሃው የሚተኛበት ወለልና ከወለሉ በታች ያለው ማዕድን፣ የዳርቻው ባለመሬት ነውን ወይስ የመንግሥት? የሚል ነው።

እኛ ቀያሾች «በሰሜን ወንዙ ያዋስነዋል» ብለን ጽፈን በካርታው ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ስበን እንሄዳለን። በወረቀት ላይ መስመሯ ስፋት የላትም። በምድር ላይ ግን ወንዝ ስፋት አለው፤ ስፋቱም በክረምትና በበጋ አንድ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ወንዝ በተቀመጠበት አይቆይም፤ አንዱን ዳር እየበላ ሌላውን ዳር በደለል እየሞላ ይጓዛል። መሬቱ ለግጦሽ ብቻ በሚያገለግልበት ዘመን ይህ ሁሉ ማንንም አያጣላም። ከአሸዋው ሥር ነዳጅ ዘይት የተገኘ ዕለት ግን ወርዱ ጥቂት ክንድ የማይሞላ ቁራሽ መሬት ለዓመታት የሚያሟግት ይሆናል።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአሜሪካ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር ሕግ በመሠረቱ የመሬቱ ጌታ ከመሬቱ በታች ያለው ማዕድንም ጌታ ስለሆነ፣ በባለመሬትና በመንግሥት መካከል ያለው ክርክር ሳይሸፋፈን ጥርት ብሎ ይታያል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ብዬ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

የነገሩ ሥር ያለው በእንግሊዝ አገር ልማድ ነው። በዚያ ልማድ የባሕር ሞገድ ወጥቶ የሚወርድበት ውሃ ወለሉ የዘውዱ ነበር። የአሜሪካ ግዛቶች ከእንግሊዝ ሲለዩ የዘውዱ መብት ለየግዛቱ ሕዝብ ተላለፈ ተባለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ያጸናው በ1842 ሲሆን፣ ጉዳዩም በኒው ጀርሲ ከውሃ ሥር ስለሚለቀም የኦይስተር ቀንድ አውጣ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1845፣ በአላባማ በሞቢል ከተማ ዳርቻ ስላለ መሬት በተነሣ ክርክር፣ ኋላ ወደ ኅብረቱ የገቡት ግዛቶችም ከቀደምቶቹ ጋር በእኩል ደረጃ ስለገቡ ይኸው መብት አላቸው ተብሎ ተፈረደ።

ይሁን እንጂ አሜሪካ እንግሊዝ አይደለችም። ሚሲሲፒና ሚዙሪ የባሕር ሞገድ በማይደርስባቸው አገሮች ውስጥ በሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ መርከብ ሲያመላልሱ፣ ሞገድን መለኪያ ማድረግ የማይሆን ነገር ሆነ። ስለዚህም በ1871 በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ወንዝ ላይ ትመላለስ በነበረች «ዳንኤል ቦል» በምትባል የእንፋሎት መርከብ ምክንያት አዲስ መለኪያ ወጣ። ወንዙ በተፈጥሮ ይዞታው፣ በዘመኑ በተለመደው ዐይነት ማጓጓዣ፣ የንግድ መንገድ ሆኖ የሚያገለግል ወይም ሊያገለግል የሚችል ከሆነ «መርከብ የሚያስኬድ» ይባላል። እንዲህ ያለ ወንዝ ወለሉ የግዛቱ መንግሥት ነው። መርከብ የማያስኬድ ከሆነ ግን ወለሉ ግዛቱ ሲመሠረት ለግዛቱ አልተላለፈም፤ እንደ ማንኛውም መሬት በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ይቆይና፣ የዳርቻው መሬት ለግለሰብ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ወንዙ አጋማሽ ድረስ አብሮ ይሄዳል። ጥያቄው የሚመለስበትም ቀን ዛሬ አይደለም፤ ግዛቱ ወደ ኅብረቱ የገባበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። ለቀንድ አውጣ ለቃሚዎችና ለወደብ ነጋዴዎች የተበጀ ሕግ፣ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ የነዳጅ ዘይት ባለቤትን መለያ ሆነ። በአንድ ሸለቆ ከምድር በታች አንድ ሺህ ሜትር ጠልቆ ያለ ዘይት የማን እንደሆነ የሚወሰነው፣ ከመቶ ዓመት በፊት በላዩ ጀልባ ይሄድ ነበር ወይስ አይሄድም በሚል ምስክርነት ነው ማለት ነው። ለእኔ ይህ እንግዳ አመክንዮ ነው። ሆኖም ሕግ አንዴ ከተተከለ በኋላ ሰው ንብረቱን የሚያደራጀው በእርሱ ላይ ስለሆነ፣ እንግዳነቱ ብቻ እንዲነቀል አያደርገውም።

በዩታ ግዛት የሆነው ይህን በሚገባ ያሳያል። ዩታ ወደ ኅብረቱ የገባችው በ1896 ነው። በኮሎራዶና በግሪን ወንዞች ዳርቻ የነዳጅ ዘይት ተስፋ ሲታይ የፌዴራል መንግሥቱና ግዛቱ ስለ ወለሉ ተካሰሱ፤ በ1931 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ፍርድ ወንዞቹን እንደ እንጀራ ቆራረሳቸው። ግሪን ወንዝ መርከብ ያስኬዳል ተባለ፤ ኮሎራዶ ከካታራክት ሸለቆ በላይና በታች ያስኬዳል፣ በሸለቆው ፏፏቴና ቋጥኝ መካከል ግን አያስኬድም ተባለ፤ ሳን ሁዋን ከነጭራሹ አያስኬድም ተባለ። አንድ ወንዝ በአንድ ስም እየተጠራ በላይ የአንዱ፣ በመካከል የሌላው፣ በታች ደግሞ መልሶ የመጀመሪያው ሆነ። በ2012 የሞንታና ግዛት በግድቦች ሥር ላለው የወንዝ ወለል ከአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኪራይ ሲጠይቅ ይኸው የመቆራረስ ደንብ እንደገና ጸንቷል። የግዛቱ ፍርድ ቤቶች ወደ 41 ሚሊዮን ዶላር ፈርደው ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ሻረው። ከማስረጃዎቹም አንዱ፣ በ1805 ሉዊስና ክላርክ የተባሉት አሳሾች በሚዙሪ ታላላቅ ፏፏቴዎች ዘንድ ጀልባዎቻቸውን ከውሃ አውጥተው ወደ 18 ማይል በየብስ መጓዛቸው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ታሪኬ፣ ወደ ቀይ ወንዝ ልመለስ። ይህ ወንዝ በቴክሳስና በኦክላሆማ መካከል ያልፋል። በ1819 አሜሪካና ስፔን ባደረጉት፣ በ1821 በጸናው ውል፣ የሁለቱ ወሰን የወንዙ ደቡብ ዳር እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ውሉን የጻፉት ሰዎች «ደቡብ ዳር» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ መቶ ዓመት ያህል ማንም አጥብቆ አልጠየቀም። ወንዙ በዚያ አካባቢ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ በደረቅ ወራት ውሃው በአሸዋው መካከል በቀጫጭን ቦይ ይንሸራተታል፤ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ከብት ጠባቂ እንጂ ሌላ የሚፈልገው አልነበረም።

በ1918 በቴክሳስ በኩል በበርክበርኔት ከተማ አጠገብ ነዳጅ ዘይት ፈነዳ። በዓመቱ ቁፋሮው ወደ ሰሜን እየገፋ ከወንዙ ሜዳ ደረሰ፤ ከዚያም ከአሸዋው ውስጥ ገባ። ቴክሳስ መሬቱ የእኔ ነው ብላ ፈቃድ ሰጠች፤ ኦክላሆማም እንዲሁ የእኔ ነው ብላ ሰጠች፤ ሌሎች ደግሞ የማዕድን ይዞታ ነው ብለው ችካል ተከሉ። በአንድ ጉድጓድ ላይ ሁለትና ሦስት ባለመብት ቆመ፤ የጦር መሣሪያ የያዙ ሰዎችም በሁለቱም ወገን ተሰለፉ። ኦክላሆማ ክሱን በ1919 በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረበች፤ የፌዴራል መንግሥቱም ጣልቃ ገብ ተከራካሪ ሆነ። ፍርድ ቤቱ በ1920 የንብረት ጠባቂ ሾሞ ጉድጓዶቹንና ገቢያቸውን እስከ ፍርዱ ድረስ በእርሱ እጅ አኖረ።

ፍርዱ በሦስት ደረጃ መጣ። በ1921 ወሰኑ በውሉ መሠረት ደቡብ ዳር ነው ተባለ። በ1922 ደግሞ ወንዙ በኦክላሆማ ክልል ውስጥ መርከብ አያስኬድም፤ በጎርፍ ጊዜ ለጥቂት ቀን ጀልባ ማለፉ የንግድ መንገድ አያሰኘውም ተባለ። በዚህም ኦክላሆማ የመላው ወለል ባለቤትነት ጥያቄዋ ወደቀ። የደቡቡ ግማሽ ወለል የፌዴራል መንግሥቱ ሆነ፤ በሰሜኑ ግማሽ፣ በ1867 ውል የካዮዋ፣ የኮማንቺና የአፓቺ ሕዝቦች ክልል እስከ ወንዙ አጋማሽ ይደርስ ስለነበር፣ መብቱ መሬቱ ለተከፋፈላቸው የዳርቻ ባለይዞታዎች ሆነ። ችካል የተከሉት ማዕድን ፈላጊዎች ምንም አላገኙም።

ለእኛ ሙያ የሚጣፍጠው ግን የ1923ቱ ፍርድ ነው። «ደቡብ ዳር» የት ነው? ቴክሳስ በበጋ ውሃው የሚደርስበት የመጨረሻው ጠርዝ ነው አለች፤ ይህም አሸዋውን በሙሉ ማለት ይቻላል ለእርሷ ይሰጣል። የፌዴራል መንግሥቱ በበኩሉ ከጎርፉ ሜዳ ወዲያ ያለው የኮረብታው ግርጌ ነው አለ፤ ይህም ጉድጓዶቹ የሞሉበትን የጎርፍ ሜዳ ለእርሱ ያደርጋል። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም አልተቀበለም። ዳር ማለት ውሃው እያጠበ የሚቆርጠው፣ አሸዋውን ከሣርና ከዛፍ መሬት የሚለየው፣ አንጻራዊ ጽናት ያለው ቁርጥ ገደል ነው አለ፤ የወሰኑም መስመር ውሃው ይህን ገደል እያጠበ ሳይሻገረው በሚሄድበት መካከለኛ ከፍታ ላይ ያርፋል። ወንዙ ቀስ በቀስ በልቶ ወይም ደለል ጨምሮ ሲጓዝ ወሰኑ አብሮት ይጓዛል፤ በድንገት አሮጌ መንገዱን ትቶ በሌላ ከሄደ ግን ወሰኑ በአሮጌው መንገድ ይቀራል።

ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ፣ የጎርፉ ሜዳ ከ1821 ጀምሮ በስፍራው ነበር ወይስ ኋላ ወንዙ በድንገት ሸሽቶ የተወው ነው? የሚል ሆነ። ይህን ለመመለስ የተጠሩት ጠበቆች ብቻ አልነበሩም። የመልክዐ ምድር ሊቁ አይዛያ ቦውማን፣ የዕፀዋት ሊቁ ሄንሪ ካውልስ፣ የቴክሳሱ የከርሰ ምድር ሊቅ ሴላርድስና ሌሎችም ወደ ሜዳው ወርደው አፈሩን አጠኑ፤ ዛፎቹን ቆርጠው የዕድሜ ቀለበታቸውን ቆጠሩ። በሜዳው ላይ ከውሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ዛፍ ቆሞ ከተገኘ፣ በውሉ ዘመን ቦታው የብስ ነበር ማለት ነው። ፍርድ ቤቱም «ትልቁ ክርን» በተባለው ስፍራ ሜዳው ከጥንቱ በቴክሳስ በኩል የነበረ መሆኑን ተቀበለ። እንግዲህ ለቁጥር የሚያታክት የነዳጅ ገንዘብ የአንዱ ወይም የሌላው የሆነው በዛፍ ቀለበት ነው። ቦውማን በዚያው ዓመት ስለ ክርክሩ በአሜሪካ የመልክዐ ምድር ማኅበር መጽሔት የጻፈው ጽሑፍ ዛሬም ቢነበብ አይሰለችም።

መስመሩን በምድር ላይ እንዲያኖሩ ሁለት ቀያሾች ተሾሙ፤ በፌዴራል መንግሥቱ በኩል አርተር ኪደር፣ በቴክሳስ በኩል አርተር ስታይልስ። እነዚህ ሰዎች የፍርድ ቤቱን ቃል ወደ መሣሪያ መለወጥ ነበረባቸው፤ «መካከለኛ ከፍታ» በአሸዋ ላይ ተጽፎ አይገኝምና። ያወጡት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። የሚሄደው ውሃ ከቁርጡ ገደል ግርጌ ገና የሚደርስበትን ዝቅተኛ ከፍታና፣ የገደሉን አናት ገና የማይሻገርበትን ከፍተኛ ከፍታ ወስደው፣ በሁለቱ እኩሌታ ላይ የውሃውን ቁልቁለት እየተከተሉ መስመር አሳለፉ። ይህ ዘዴ ኋላ በቴክሳስ የግዛቱን ወለል ከግለሰብ መሬት ለመለየት ሁሉ የሚያገለግል ደንብ ሆነ። በነገራችን ላይ ቴክሳስ መርከብ ያስኬዳል የሚለውን ጥያቄ በራሷ መንገድ ነው የፈታችው፤ ከ1837 ጀምሮ ባለው ሕጓ ከአፉ ጀምሮ ወደ ላይ አማካይ ስፋቱ 30 ጫማ የሆነ ወንዝ፣ ጀልባ አየበትም አላየበትም፣ ወለሉ የመንግሥት ነው። ለቀያሽ ይህ እንዴት ያለ ዕረፍት ነው!

እስካሁን ስለ ባለመሬትና ስለ መንግሥት ብቻ የተናገርሁ ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ከሁለቱም የቀደመው ነው። በ1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአርካንሳስ ወንዝ ወለል ላይ ኦክላሆማ የሰጠችውን የነዳጅ ኪራይ ውድቅ አድርጎ ወለሉ ለኦሴጅ ሕዝብ የተያዘ ነው ብሏል። በ1970ም የታችኛው አርካንሳስ ወለል የቼሮኪ፣ የቾክታውና የቺካሶ ሕዝቦች መሆኑን ወስኗል፤ በዚያ ጊዜ ግዛቲቱ ወለሉን እንደ ራሷ ንብረት ከስድሳ ዓመት በላይ ይዛው ነበር።

ወደ ሰሜን ዳኮታ ስንሻገር ነገሩ የባሰ ይጠላለፋል። በሚዙሪ ወንዝ ላይ የጋሪሰን ግድብ ከ1947 እስከ 1953 ተሠርቶ ሳካካዌያ የተባለውን ሰፊ ሐይቅ ፈጠረ። የፌዴራል መንግሥቱ ለሐይቁ የሚሆነውን መሬት ከገበሬዎቹ ሲወስድ፣ ብዙዎቹ ከመሬቱ በታች ያለውን ማዕድን ለራሳቸው አስቀርተው ነበር። ከ2008 ገደማ ወዲህ በባከን የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ያለው ዘይት ሲፈለግ፣ ግዛቲቱ የወንዙ ወለል እስከ ከፍተኛው የውሃ ምልክት ድረስ የእኔ ነው አለች፤ ምልክቱን ግን ከጥንቱ ወንዝ ሳይሆን ሰው ሠራሽ ሐይቁ ከደረሰበት ወሰደችው። በዚህ ስሌት ግድቡ ውሃውን ወደ ላይ በገፋ መጠን የግዛቲቱ ማዕድን ይሰፋል፤ የገበሬው ይጠባል።

እኔ ይህን አቋም ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘሁትም። አንድ ቤተሰብ እርሻውን ለሕዝብ ጥቅም ለግድብ ለቅቆ፣ ማዕድኑን በጽሑፍ አስቀርቶ፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ውሃው ስለ ተኛበት ብቻ ያስቀረውን ማጣት የለበትም። የዚህ ዐይነት ቤተሰብ በ2012 ክስ አቅርቦ ነበር። በ2017 የግዛቲቱ ምክር ቤት ወለሉ ከግድቡ በፊት በነበረው የወንዝ መንገድ እንዲለካ ሕግ አወጣ፤ በዚሁ ዓመት የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩ በአዲሱ ሕግ እንዲታይ መለሰው፤ በ2020ም ለቤተሰቡ የተሰጠው ፍርድ ጸና። አንዳንድ ግብር ከፋዮች በተቃራኒው፣ የሕዝብ ሀብት ለግለሰብ በነጻ መስጠት ነው ብለው አዲሱን ሕግ ከስሰውት ነበር፤ ክርክራቸው በአብዛኛው አልተቀበለም። የእነርሱንም ነገር በቀላሉ መጣል አይገባም፤ ከወለሉ የሚገኘው ገቢ ለትምህርት ቤቶችና ለጋራ ሥራ የሚውል ገንዘብ ነውና። ደግሞም በ2013 በሌላ መዝገብ፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው የውሃ ምልክት መካከል ባለው ዳርቻ ሥር ያለው ማዕድን በመሠረቱ የግዛቲቱ ነው ተብሎ ተፈርዷል። በዚያ ጉዳይ ምልክቱ የተፈጥሮው ወንዝ ምልክት ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ግዛቲቱ የተሻለ መሠረት ነበራት።

በዚያው ወንዝ፣ በፎርት በርቶልድ ክልል ባለው የወለል ማዕድን፣ የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪዎች በ2017 የሦስቱ ተባባሪ ሕዝቦች ነው አሉ፤ በ2020 የግዛቲቱ ነው አሉ፤ በ2022 ደግሞ ተመልሰው የሕዝቦቹ ነው አሉ። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፤ የተለወጠው አስተዳደሩ ነው።

የቀይ ወንዝም ጉዳይ በ1920ዎቹ አልተዘጋም። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በ2010ዎቹ በ116 ማይል ርዝመት ላይ እስከ 90 ሺህ ኤከር የሚደርስ መሬት የሕዝብ ሊሆን ይችላል ሲል፣ ለትውልድ ግብር ሲከፍሉበት የኖሩ የቴክሳስ ባለመሬቶች ደነገጡ። በአንዳንድ ስፍራ አዲሱ ቅየሳ ወሰኑን ከዛሬው ወንዝ አንድ ማይል ያህል ርቆ በማሳ መካከል አሳልፎት ነበር። ወንዙ በድንገት ነው የተዛወረው የሚል ግምት ነበረበት ማለት ነው፤ ይህ ግን በማስረጃ የሚረጋገጥ እንጂ በቢሮ የሚታሰብ አይደለም። ባለመሬቶቹ በ2015 ከሰሱ፤ በ2017 ቢሮው ቅየሳዎቹን አንሥቶ ክሱ በስምምነት አለቀ። ሁለቱ ግዛቶች በ2000 ባደረጉት ስምምነት ወሰናቸውን በደቡቡ ዳር የዕፀዋት መስመር አድርገው ነበር፤ ያ ስምምነት ግን የአስተዳደር ወሰንን እንጂ የንብረት ባለቤትነትን አልነካም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ዛሬም ብዙ ነው።

ስለ አገራችን በጥቂት ቃል ልናገር። በእኛ ሕግ የባለቤትነቱ ክርክር በዚህ መልክ አይነሣም። በ1948 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት፣ መሬት በግል ይያዝ በነበረበት ዘመንም ቢሆን፣ ከውሃ በታች ያለውን ጨምሮ የከርሰ ምድር ሀብትን የመንግሥት አድርጎት ነበር። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ የወንዙ ወርቅ የማን ነው ብሎ ዳኛ ፊት የሚቆም ገበሬ የለም።

ይሁን እንጂ ባለይዞታ አለ፤ ካሣም አለ። ወርቅ አጣቢው ወይም አሸዋ ጫኙ ፈቃድ ይዞ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትና የገበሬው ማሳ የሚጀምርበት ስፍራ የት ነው? አሸዋው ሲዛቅ ዳሩ ተንዶ ማሳው ወደ ወንዙ ቢገባ፣ የተወሰደው ይዞታ ነው ወይስ ወለል? በይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎቻችን ላይ ወንዝ የሚያዋስናቸው ማሳዎች ብዙ ናቸው፤ መስመሩ የሚሳለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደመና በሌለበት ወር ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ነው። በበጋ የተነሣው ፎቶግራፍ የሚያሳየው በአሸዋ መካከል የቀጠነውን ውሃ ነው። ቀያሹ መስመሩን በውሃው ጠርዝ ካሳለፈ፣ በ1923 ቴክሳስ ጠይቃ የተከለከለችውን ለገበሬው ሰጥቷል ማለት ነው፤ በቁርጡ ገደል ካሳለፈ ደግሞ ገበሬው በበጋ በመስኖ የሚያለማውን ደለል ቀንሶበታል።

በመስክ መመሪያዎቻችን ውስጥ «የወንዝ ዳር» የሚለው ቃል አንድ ወጥ ትርጉም እንዲሰጠው፣ ምልክቱ የተወሰደበት ወርና የውሃው ከፍታም በመስክ ደብተር እንዲመዘገብ ለቴክኒክ ኮሚቴው ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት በዓባይና በአዋሽ ተፋሰስ የሠሩ ባልደረቦቻችን ያጋጠማቸውን ቢያሰሙን ደስ ይለኛል።